የግል ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻና የሠርቶ አደሩ ልጅ

ትምህርት በማናቸውም ኅብረተሰብ ውስጥ ከመደብ ግንኙነት ተነጥሎ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አይደለም። ማን ይማራል? በማን ወጪ ይማራል? ተምሮስ ማንን ያገለግላል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በረቂቅነታቸው ሲታዩ የመጻሕፍት ጉዳይ ብቻ ሊመስሉ ይችላሉ። በተጨባጭ ግን በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ማግስት በእያንዳንዱ የሠርቶ አደር ቤት ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቦታ ያላገኘው፣ የተመደበበት ሥፍራ ወይም የትምህርት ዘርፍ ያልተስማማው፣ ቀን ሥራ ላይ ውሎ ማታ ለመማር የሚሻው ወጣት የግል ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ቅጽ ይዞ ወደ ወላጆቹ ይመጣል። ቅጹ ለዓይን አንድ ቅጠል ወረቀት ነው። በይዘቱ ሲመረመር ግን በአንድ በኩል የቤተሰቡ የዓመታት ደመወዝ፣ በሌላ በኩል የባለሀብቱ መዋዕለ ንዋይ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ውል ነው።

እንዲህ ያለውን ውል አንድ ወላጅ ብቻውን፣ ያለ በቂ መረጃ፣ በምዝገባ ቀነ ገደብ ተጣድፎ ሲፈርም በገበያው ውስጥ ያለው የኃይል ሚዛን ወደ ማን እንደሚያጋድል ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ስለዚህም የግል ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የግለሰብ ተማሪ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም። የነዋሪዎች ማኅበራት፣ የዕድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት ጉዳይም ሊሆን ይገባል።

ጉዳዩን ከታሪካዊ አመጣጡ ጋር አያይዞ ማየቱ ተገቢ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር የከፍተኛ ትምህርት በር የተከፈተው እጅግ ጥቂት ለሆኑ ወጣቶች ነበር። በ1960ዎቹ የተማሪው እንቅስቃሴ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱም ይኸው የትምህርት ዕድል ጥያቄ እንደነበረ ይታወሳል። ከአብዮቱ በኋላ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የግል ትምህርት ቤቶች ወደ ሕዝብ ይዞታ እንዲዛወሩ ታወጀ፤ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። እነዚህ እርምጃዎች ፊደል ላልቆጠረው ሰፊ ሕዝብ የንባብን በር ከፈቱ። የዩኒቨርሲቲው በር ግን ያን ጊዜም ጠባብ ሆኖ ቆየ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለግል ባለሀብት መስኩን ከከፈተ ወዲህ የግል ኮሌጆች በፍጥነት ተስፋፉ። እ.ኤ.አ. በ1991 በቋንቋ ትምህርት ቤትነት የተነሣው ዩኒቲ እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኒቨርሲቲ ስም የሚጠራ የመጀመሪያው የግል ተቋም ለመሆን በቃ። በዚህ መንገድ የከፍተኛ ትምህርት ክፍል በመብትነት ሲታይ የቆየ፣ ሌላው ክፍል ደግሞ በዋጋ የሚገዛ አገልግሎት ሆነ።

በቅርብ ዓመታት የተከሰተው ለውጥ የዚህን ገበያ ጠባይ ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሆነው፣ ኩረጃን በሚያግድ ቁጥጥር ሥር ሲፈተኑ፣ ከጠቅላላው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሰ። መሻሻል አለ፤ ሆኖም ከአሥር ተፈታኞች ከዘጠኝ የሚበልጡት አሁንም ከማለፊያው በታች ቀርተዋል። እነዚህ ወጣቶች ሰነፎች ናቸው ብሎ መደምደም ሳይንሳዊ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ትምህርት ቤት በሙሉ ሲወድቅ የወደቀው ተማሪው ሳይሆን ተማሪውን ያሳደገው ሁኔታ ነው፤ በቂ መምህር፣ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ የሌለበት ሁኔታ ነው።

እዚህ ላይ «የግል ዩኒቨርሲቲ» የሚለው ስም በሁሉም አገር አንድ ዓይነት የመደብ ይዘት እንደሌለው ልብ ማለት ያስፈልጋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1636 የተመሠረተውን ሃርቫርድን የመሳሰሉ የግል ዩኒቨርሲቲዎች የከበርቴው መደብ ምሽጎች ሆነው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች የመግቢያ ፈተናውን በብዛት ማለፍ ሲጀምሩ ዩኒቨርሲቲዎቹ ውጤት ብቻውን አይበቃም አሉ። በማመልከቻው ላይ ፎቶግራፍ፣ የቤተሰብ አመጣጥና «ጠባይ» የሚባል መመዘኛ ጨመሩ። ለቀድሞ ተመራቂ ልጅ የሚሰጠው ቅድሚያም የጠነከረው በዚያው ዘመን ነው። ቅጹ ተቀየረ፤ በሩ ግን ለለመዱት ሰዎች ክፍት ሆኖ ቀረ። ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት መሠረት የፈተና ውጤታቸው እኩል ከሆነ ተማሪዎች መካከል ከአገሪቱ አንድ በመቶ እጅግ ባለጸጎች ቤት የመጣው፣ ከመካከለኛ ገቢ ቤት ከመጣው ይልቅ በእነዚህ ዝነኛ ተቋማት ገብቶ የመማር ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ባለጸጋ ወላጆች ለስፖርት አሠልጣኞችና ለፈተና ተቆጣጣሪዎች ጉቦ ከፍለው ልጆቻቸውን እንዳስገቡ በፍርድ ቤት ተጋለጠ።

በዚያው አገር «የቀደመ ውሳኔ» የሚባል የማመልከቻ ዓይነትም አለ። ተማሪው ከተቀበሉት እንደሚገባ አስቀድሞ ቃል ይገባል፤ በዚህም የተነሣ ከሌሎች ተቋማት የሚሰጠውን የገንዘብ እርዳታ አወዳድሮ የመምረጥ ዕድሉን ያጣል። ዋጋ ማወዳደር ለማያስፈልገው ባለጸጋ ይህ ጥቅም ነው፤ ለድኻ ግን ቁማር ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲ እየነዱ፣ የመኪና ማቆሚያ እየጠበቁ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ይህንን ቅጽ በሚገባ ያውቁታል። ሆኖም ከዚያው አገር የሚቀሰም በጎ ተሞክሮም አልጠፋም። በኬንታኪ የሚገኘው ቤርያ ኮሌጅ የግል ተቋም ሆኖ ሳለ ከ1800ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ቤተሰቦች የመጡ ተማሪዎችን ይቀበላል፤ ተማሪዎቹም ሁሉ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት በኮሌጁ ውስጥ ይሠራሉ። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ሕግ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ለተመራቂና ለለጋሽ ልጆች ቅድሚያ እንዳይሰጡ ከልክላለች። ይህ ሊሆን የቻለው የተሰወረው ልዩ ጥቅም በቁጥር ተሰልቶ በአደባባይ በመውጣቱ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሁኔታው በአመዛኙ የተገለበጠ ሆኖ እናገኘዋለን። በጣም ባለጸጋ የሆነው ቤተሰብ ልጁን ብዙውን ጊዜ ወደ ውጭ አገር ይልካል። በማታውና በቅዳሜ እሑዱ ክፍለ ጊዜ በግል ኮሌጅ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ግን በአብዛኛው ራሱ ሠራተኛው ነው፤ ከሥራ ወጥታ በታክሲ ሰልፍ ደክማ የምትደርሰው ጸሐፊ፣ የባንክ ሒሳብ ሠራተኛው፣ የጤና ረዳቷ፣ የሱቅ ሻጩ ነው። በቀኑ ክፍለ ጊዜም የሚገኙት አነስተኛ ደመወዝ ካላቸውና በንግድ ከሚተዳደሩ ቤተሰቦች የመጡ ልጆች ናቸው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ተማሪ የወጪ መጋራት ድርሻውን ተመርቆ ገቢ ካገኘ በኋላ ሲከፍል፣ የግሉ ተማሪ ግን ገና ሳይማር፣ በየወሩ ወይም በየሴሚስተሩ፣ ከእጅ ወደ አፍ ከሆነ ገቢ ላይ ቆርሶ ይከፍላል። ቅራኔው ያለው እዚህ ላይ ነው። አነስተኛ ድጋፍ ያገኘው ወገን ከፍተኛውን ወጪ በቅድሚያ ይሸከማል።

ለዚህ ወጪ ምን ተገኘ? ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ በተሰጠበት በ2015 ዓ.ም. ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት መካከል ያለፉት 62 በመቶ ያህል ነበሩ። ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ከ72 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል ያለፉት ግን 17.2 በመቶ ብቻ ናቸው። በሌላ አነጋገር በዚያ የመጀመሪያ ዙር 60 ሺህ የሚጠጉ የግል ተቋማት ተማሪዎች የዓመታት ክፍያቸውን ጨርሰው፣ ዲግሪያቸውን ሳይዙ ቆሙ። ፈተናውን ደግሞ መውሰድ ይቻላል፤ ደግመው ያለፉም አሉ። ነገር ግን የባከነው ጊዜና ገንዘብ አይመለስም። ከእያንዳንዱ ቁጥር በስተጀርባ አንዲት እናት የጣለችው ዕቁብ፣ አንድ አባት የሠራው የትርፍ ሰዓት፣ አንድ ወንድም ከዐረብ አገር የላከው ገንዘብ አለ።

ይህን የሚያህል ልዩነት ምን አመጣው? በጥድፊያ መፍረድ አይገባም። የግል ተቋማት የተቀበሏቸው ተማሪዎች ብዙዎቹ በመግቢያ ውጤታቸው ዝቅ ያሉ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ሙሉ ቀን እየሠሩ የሚማሩ ናቸው፤ ከመምህራኑም ቀላል ቁጥር የሌላቸው ከሌላ ተቋም ሥራቸው ተርፎ በቀረው ሰዓት የሚያስተምሩ ናቸው። እነዚህ ምክንያቶች ሁሉ እውነት ናቸው። ይሁን እንጂ ተቋሙ ተማሪውን ሲቀበል ይህን ሁኔታ ያውቅ ነበር። ደካማ ዝግጅት ያለውን ተማሪ መቀበል ኃጢአት አይደለም። ተቀብሎ ሳያግዙት ክፍያውን ብቻ በየወሩ መሰብሰብ ግን ከብዝበዛ አይለይም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው፣ የግል ተቋማት ሁሉ ወረቀት ሻጮች ናቸው የሚለው ነው። ይህ ጅምላ ፍርድ በርትተው የሚያስተምሩትን፣ ለሴቶችና ለሠራተኞች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያልተገኘ የማታ ዕድል የሰጡትን፣ ብቁ ባለሙያ ያፈሩትን ተቋማት ከአጭበርባሪው ጋር አንድ ላይ ያስቀምጣል፤ በመጨረሻም የሚጠቅመው አጭበርባሪውን ነው፤ ሁሉም አንድ ነው ከተባለ ማንም ተለይቶ አይጠየቅምና። ሁለተኛው፣ ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል፣ መጥፎው ተቋም ተማሪ አጥቶ ይዘጋል የሚለው አመለካከት ነው። ይህ አባባል ትምህርትን ከጫማ ጋር ያስተካክላል። መጥፎ ጫማ የገዛ ሰው በሳምንቱ ያውቀዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። መጥፎ ትምህርት የገዛ ወጣት ግን ጉድለቱን የሚያውቀው አራት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ ወጣትነቱንም ሁለተኛ ጊዜ አያገኘውም። ስለሆነም ትክክለኛው አቋም በግል ተቋም ላይ የሕዝብ ቁጥጥርን፣ ለተማሪው ደግሞ የተደራጀ ንቃትን የሚጠይቅ አቋም ነው።

ንቃት ስንል ባዶ መፈክር ማለታችን አይደለም። ለመጀመሪያ ዓመት የሚያመለክት ወጣትና ቤተሰቡ ከመፈረማቸው በፊት ሊያጣሯቸው የሚገቡ የታወቁ ነጥቦች አሉ።

አንደኛ፣ የዕውቅና ጉዳይ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚሰጠው ፈቃድ ለተቋሙ ስም በጅምላ የሚሰጥ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለእያንዳንዱ የአሰጣጥ ዓይነት ተለይቶ የሚሰጥ ነው። አንድ ኮሌጅ በአንድ ካምፓሱ በአካውንቲንግ ዕውቅና ስላለው በሌላው ካምፓሱ ነርስ ማሠልጠን ይችላል ማለት አይደለም፤ በመደበኛ የተፈቀደለትም በርቀት ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ፈቃዱ ጊዜ ገደብም አለው። በተቋሙ በራፍ ላይ የተሰቀለው ትልቅ ሰሌዳ ለዚህ ማስረጃ አይሆንም፤ ማረጋገጫው የሚገኘው ከባለሥልጣኑ ነው።

ሁለተኛ፣ የመግቢያ መስፈርቱ ነው። በ12ኛ ክፍል ፈተና የተወሰነውን ማለፊያ ያላመጣ ተማሪ በተለምዶ ሪሚዲያል የሚባለውን የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተከታትሎ ፈተናውን ማለፍ ይኖርበታል። «ግድ የለም፣ እኛ እናስተካክለዋለን» የሚል መዝጋቢ ቢገኝ ያ ሰው ደግነት እያደረገ አይደለም። መስፈርቱን ሳያሟላ የገባ ተማሪ የከፈለበት ትምህርት ኋላ ዋጋ ቢስ ሊሆንበት ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጠቅላላ ወጪው ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ዓመት ፍሬሽማን በሚባለው የጋራ ትምህርት ያሳልፋሉ፤ ቀድሞ በሦስት ዓመት ይጠናቀቁ የነበሩ ብዙ የትምህርት ዘርፎችም አራት ዓመት ሆነዋል። ስለዚህ «በወር ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አያዋጣም። የአራቱ ዓመት ድምር፣ የምዝገባ ክፍያ፣ የዘገየ ክፍያ ቅጣት፣ የቤተ ሙከራና የተግባር ልምምድ ወጪ፣ በየዓመቱ ሊደረግ የሚችለው ጭማሪ፣ እንዲሁም ተማሪው ቢያቋርጥ ተመላሽ የሚሆነው ገንዘብ በጽሑፍ ይጠየቅ። በቃል የተነገረ ዋጋ በሁለተኛው ዓመት ምስክር የለውም።

አራተኛ፣ ፍሬው ነው። በዚያ ተቋም፣ በዚያ የትምህርት ዘርፍ፣ ባለፉት ዙሮች ስንት ተማሪ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ስንቱ አለፈ? ቋሚ መምህራኑ ስንት ናቸው? ይህን ጥያቄ በግልጽ የሚመልስ ተቋም ሊታመን ይችላል። ጥያቄውን እንደ ድፍረት የሚቆጥር ተቋም ግን መልሱን ሰጥቷል።

አምስተኛ፣ የሰነድ ጉዳይ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕትና የብሔራዊ ፈተናው ማስረጃ ቅጂ ለተቋሙ ይሰጥ፤ ዋናው ለማመሳከሪያ ታይቶ ወደ ባለቤቱ ይመለስ። እያንዳንዱ የክፍያ ደረሰኝም እስከ ምረቃ ይጠበቅ።

እንግዲህ እነዚህን ነጥቦች አንድ የቀን ሠራተኛ ወይም አንዲት የጉልት ነጋዴ ብቻዋን ከቢሮ ወደ ቢሮ እየተንከራተተች ታጣራ ማለት በእርስዋ ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የሕዝባችን ብሂል ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ነው። በየሠፈሩ መምህራን፣ የሒሳብ ባለሙያዎች፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ከግል ተቋም የተመረቁ ወጣቶች አሉ። የነዋሪዎች ማኅበሩ ወይም ዕድሩ ከእነዚህ መካከል ሦስት ወይም አራት ሰዎች መርጦ በምዝገባው ወቅት የትምህርት አማካሪ ኮሚቴ ቢያቋቁም፣ ኮሚቴው የተቋማቱን ፈቃድ ከባለሥልጣኑ አጣርቶ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ቢያነብ፣ ያለፉት ዓመታት ተማሪዎች ያዩትን በጎና ክፉ መዝግቦ ቢያቆይ፣ ለአንድ ሰው ሳምንት የሚፈጀው ሥራ ለሁሉም በአንድ ቀን ያልቃል።

የሠራተኛ ማኅበራትም ድርሻ አላቸው። ከአሠሪ ጋር በሚደረገው የኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ የሚማር ሠራተኛ የሥራ ፈረቃው ከማታ ትምህርቱ ጋር እንዳይጋጭ፣ ለፈተና ቀናት ፈቃድ እንዲያገኝ፣ ከሥራው ጋር ለተያያዘ ትምህርት ድርጅቱ ከወጪው እንዲጋራ መጠየቅ የሚገባ ጥያቄ ነው። የሠራተኛው ዕውቀት ሲዳብር የሚጠቀመው ምርቱም ነውና። የቁጠባና የብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ለትምህርት ክፍያ የሚሆን ብድር በቅድሚያ ቢያመቻቹ አባሎቻቸውን ከአራጣ አበዳሪ እጅ ያድኗቸዋል።

ከሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት የሚጠበቀውም ግልጽ ነው። የእያንዳንዱ ተቋም የመውጫ ፈተና ውጤት በትምህርት ዘርፍና በካምፓስ ተለይቶ፣ ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበት፣ ምዝገባ ከመጀመሩ አስቀድሞ በየወረዳውና በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ያልተፈቀደ ትምህርት ሲሰጥ የተገኘ ተቋም መዘጋቱ አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም የተቋሙ መዘጋት ብቻውን ለተማሪው ፍትሕ አይሆንም። የከፈለው ገንዘብ የሚመለስበት ወይም ወደ ሌላ ተቋም የሚዛወርበት መንገድ አብሮ ካልታሰበ ቅጣቱ የሚያርፈው በአጥፊው ላይ ሳይሆን በተበደለው ላይ ነው። የግል ተቋማት ባለቤቶችም ትምህርት ከማናቸውም ሸቀጥ የተለየ ኃላፊነት ያለበት ሥራ መሆኑን ተገንዝበው ከትርፋቸው ላይ ለቋሚ መምህራን፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለደካማ ተማሪዎች ተጨማሪ ትምህርት ሊያውሉ ይገባል።

በመጨረሻም አንድ ሥር የሰደደ አስተሳሰብ መታገል ያስፈልጋል፤ እርሱም የዲግሪ አምልኮ ነው። በፊውዳሉ ሥርዓት እጅ ሥራ ይናቅ፣ አንጥረኛውና ሸማኔው ይገፋ ነበር። ዛሬም ቴክኒክና ሙያ የገባ ልጅ የወደቀ ተደርጎ ሲታይ የዚያው አስተሳሰብ ቅሪት ይንጸባረቃል። በብየዳ፣ በኤሌክትሪክ፣ በማሽን ጥገና እውነተኛ ሙያ የጨበጠ ወጣት፣ ዕውቅና በሌለው ዘርፍ አራት ዓመት ከፍሎ ባዶ እጁን ከሚቀር ወጣት ይልቅ ለራሱም ለአገሩም ይበልጥ ይጠቅማል። ይህ ማለት ግን የሠርቶ አደሩ ልጅ ዩኒቨርሲቲን አይመኝ፣ ድርሻው መሣሪያ መጨበጥ ብቻ ነው ማለት ፈጽሞ አይደለም። ሐኪምም፣ መሐንዲስም፣ ሒሳብ አዋቂም መሆን መብቱ ነው። ምርጫው ከጎረቤት ሐሜት ፍርሃትና ከማስታወቂያ ጩኸት ሳይሆን ከተጣራ እውነት ይመንጭ ማለት ነው።

የማመልከቻው ወቅት በየዓመቱ ይመለሳል። ቅጹ ሲመጣ የሠርቶ አደሩ ቤተሰብ ብቻውን ሆኖ በጥድፊያ የሚፈርም ከሆነ የላቡ ፍሬ ለሌላ ሰው ትርፍ ሆኖ ይቀራል። ጠይቆ፣ አጣርቶ፣ ከማኅበሩ ጋር ተመካክሮ የሚፈርም ከሆነ ግን ያ ወረቀት ለልጁ የዕውቀት በር ይሆናል። ስለዚህ የነዋሪዎች ማኅበራት፣ ዕድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት የሚቀጥለው ምዝገባ ሳይደርስ ኮሚቴዎቻቸውን ዛሬውኑ ሊመርጡ ይገባል።